ሰነፉን ያሸነፈ ካርታ

ጥቅምት 9

አባባ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኔ ደህና ነኝ። በደብዳቤ መጀመሪያ ላይ የሚመጣ «ደህና ነኝ» ምንም እንደማይመዝን ያስተማሩኝ እርስዎ ስለሆኑ ማስረጃ አያይዣለሁ፦ ምሳዬን በልቻለሁ፣ ጫማዬ ውኃ አያስገባም፣ ከማንም አልተጣላሁም።

ለጥያቄዎ መልሱ አይደለም ነው። ጠንቋይ አይደለሁም። ጠንቋይ ሲሳሳት ማንም አያርመውም፤ እኔ ግን እታረማለሁ። ሥራዬ ይህ ነው፦ መሬት ከሰማይ ፎቶ ይነሣል። ፎቶው በትንንሽ ካሬ ይከፋፈልና እያንዳንዱ ካሬ እርሻ፣ ጫካ፣ ውኃ ወይም ቤት ተብሎ ቀለም ይሰጠዋል። ከዓመታት በኋላ ያው መሬት እንደገና ይነሣል። የእኛ ሞዴል፣ ማለትም ኮምፒውተር ውስጥ ያለው ረጅም ስሌት፣ የድሮውን ካርታ አይቶ የዛሬው ምን እንደሚመስል ይገምታል። ግምቱ ከእውነተኛው ካርታ ጋር ይተያያል። ከቀናው የነገውን እንዲገምት ይፈቀድለታል፤ መንገድና የውኃ መስመር የሚያቅዱ ሰዎችም እሱን አይተው ያቅዳሉ።

ተቋማችን ውስጥ ይህን የሚሠሩ አምስት ቡድኖች አሉ። አምስቱም የየራሳቸው ሞዴል አላቸው፤ እያንዳንዱም የሌሎቹ አራቱ እንደማይሠሩ አጣርቶ ያውቃል። ዳይሬክተራችን ይህ ስለታከታቸው ውድድር አውጀዋል። ለሁላችንም የአንድ አካባቢ የድሮ ካርታ ተሰጥቶናል። የዛሬው ካርታ እሳቸው ቢሮ ብረት ሣጥን ውስጥ ተቆልፏል፤ ቁልፉን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለውታል። መጋቢት መጀመሪያ ላይ ይከፈታል። ያሸነፈው ሞዴል የመሥሪያ ቤቱ ሞዴል ይሆናል፣ የተቀሩት ክፍሎች «ይዋሃዳሉ»። በቢሮ ቋንቋ መዋሃድ ማለት መጀመሪያ ወንበርዎ ይሄዳል፣ ከዚያ እርስዎ ወንበሩ የት እንደሄደ እየጠየቁ ወደ ቤትዎ ይሄዳሉ ማለት ነው።

የእኛ ክፍል አራተኛ ፎቅ ላይ ከሊፍቱ ሞተር ጎን ነው። ሊፍቱ በተነሣ ቁጥር ጠረጴዛው ይንቀጠቀጣል፤ ማን ምሳ እንደወጣ ከብርጭቆው ድምፅ እናውቃለን። ሁለት ሰው፣ ሁለት ወንበር። ሁለተኛው ሰው ዝምታ የምለው ባልደረባዬ ነው፤ ስሙ ሳይሆን ጠባዩ ነው። እንግዳ ከመጣ አንዳችን መቆም አለብን። ደግነቱ እንግዳ አይመጣም። የሌላኛው ቡድን መሪ ፕሮፌሰሩ ደግሞ ከራሳቸው ጋር ዘጠኝ ሰው፣ የመስታወት ክፍልና ዘጠና አራት ከመቶ አላቸው። ሞዴላቸው በመለማመጃው ላይ ይህን ያህል ልክ ነው፤ ቁጥሩን በትልቁ አትመው በራቸው ላይ ለጥፈውታል። በዚያ በኩል ሳልፍ ሌላ ቦታ ማየት ለምጃለሁ።

ለመለማመጃ ለሁላችንም የታደለን የኛው ከተማ ነው፤ የዛሬ ዐሥራ አምስት ዓመትና የአሁኑ። ሁለቱን ካርታ አያይዣለሁ። አስተያይተው ምን እንዳዩ ይጻፉልኝ።

ደግሞ ፊደልዎ ምን ነክቶት ነው? ባለፈው ደብዳቤ አንዱ «ለ» ብቻውን ሩብ ገጽ ይዟል።

ልጅዎ

—

ኅዳር 2

ልጄ፣

ማስረጃሽ ደርሶኛል። ምሳውንና ጫማውን ተቀብያለሁ። ከማንም አልተጣላሁም ያልሽው ምስክር ስለሌለው ግማሽ ቀንሼበታለሁ።

ፊደሌ የሰፋው አዲስ እስክሪብቶ ስለገዛሁ ነው። እስክሪብቶው ኩራተኛ ነው፣ ጠባብ ቦታ አይወድም።

ስልክ ስለማላነሣ እህትሽን አትቆጫት፤ ጥፋቷ አይደለም። ስልክ የሚናገሩትን አስቀድመው ላላሰቡ ሰዎች የተሠራ ዕቃ ነው። እኔ ደግሞ አንድ ነገር ሳላስብ ተናግሬ አላውቅም፤ እናትሽን ካገባሁበት ቀን በቀር፣ እሱም ቀንቶኛል።

ካርታዎችሽን መስኮቱ ጋ ይዤ አየኋቸው። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ አየኋቸው። አንድ ካርታ ሁለት ጊዜ ነው የላክሽልኝ። ሠላሳ ዓመት ፈተና ሳርም እንዲህ የሚመሳሰሉ ሁለት ወረቀቶች ሲገጥሙኝ ልጆቹን አስጠርቼ ማን ከማን እንደቀዳ እጠይቅ ነበር። አንቺን ማስጠራት ስለማልችል በጽሑፍ እጠይቃለሁ፦ ለውጡ የታለ?

ወደ አንቺ የመምጣቴን ነገር ለጊዜው ተዪው። ጉልበቴ ነው።

አሁን የምጽፈውን ሳትቆጪ አንብቢ። አንድ የድሮ ተማሪዬ ርዕሰ መምህር ሆኗል። በሒሳብ ከፍ ብሎ አያውቅም፣ ለዚያ ይሆናል። የጂኦግራፊ አስተማሪ ይፈልጋል፤ «ለልጅዎ እስከ መጋቢት እይዝላታለሁ» ብሎኛል። አልገፋሽም። ወንበሩ ግን የራስሽ ነው፤ አይንቀጠቀጥም።

አባትሽ

—

ታኅሣሥ 14

አባባ፣

ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አንድ ሳምንት ሙሉ ተቀይሜዎት ነበር። ሳይነገርዎት የተቀየሙዎትን ነገር ይቅር ማለት እንደማይጠበቅብዎ አውቃለሁ። ግን ቅያሜው በደንብ የተሠራ ስለነበር ሳያውቁት ቢቀር ያሳዝነኛል።

«አንድ ካርታ ሁለት ጊዜ!» እያልኩ ስበግን ዝምታ ደብዳቤውን ከእጄ ወስዶ አነበበው። ከዚያ ሁለቱን ካርታ ኮምፒውተሩ ላይ አንዱን ባንዱ ላይ አነባብሮ አስቆጠረው። ከመቶው ካሬ ዘጠና አምስቱ ያው ነው። እርሻው እርሻ፣ ጫካው ጫካ፣ ሰፈሩ ሰፈር። እርስዎ ልክ ነበሩ! አንድ ካርታ ነው የላክሁልዎ፣ አምስት ከመቶ ሲቀረው።

ምን ማለት እንደሆነ ይታይዎታል? አንድ ሰው እግሩን ሰቅሎ የድሮውን ካርታ ቢገለብጥና «የዛሬው ይኸውላችሁ» ቢል ዘጠና አምስት ያገኛል። ፕሮፌሰሩ በዘጠኝ ሰው ደክመው በራቸው ላይ የለጠፉት ከዚህ በአንድ ያነሰ ነው። ዓመታት ሙሉ ስንፎካከር መሬት በአብዛኛው ባለበት እንደሚቆይ ያስታወሰ አልነበረም። እኔም ጭምር።

ዝምታ የእኛንም አሰላው። ዘጠና ሦስት። «ይህን በሩ ላይ አንለጥፈውም» አለ፤ የሳምንት ንግግሩን በዚያ ጨረሰ።

የእኛ ሞዴል በሽታው ጉጉት ነው። መንገድ ባየበት ሁሉ ቤት ይሠራል። የመቃብር ቦታው ላይ ሁለት ሰፈር ተክሏል። አንዱን አገኘሁ ሲል ሁለት ያበላሻል።

ዝም ብለን ማስተካከል እንችል ነበር። ግን ሰኞ ስብሰባ ላይ አፌ ቀደመኝ። «ስድስተኛ ተወዳዳሪ ይግባ» አልኩ።

«ማን?» አሉ ዳይሬክተራችን።

«ምንም የማያደርግ። የድሮውን ካርታ ገልብጦ የሚያስረክብ።»

«ስንት ሠራተኛ አለው?»

«ማንም የለውም።»

«በጀቱ ደስ ይላል» ብለው መዘገቡት።

ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን እስኪጠርጉ ሳቁ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ስቀው ሲያበቁ የደገፉኝ እሳቸው ናቸው። «ይግባ፣ ይግባ! ሁላችንም የምናሸንፈው አንድ ሰው ይኑር እንጂ» አሉ። ስሙንም ያወጡለት እሳቸው ናቸው፦ ሰነፉ። አሁን ኮሪደሩ ላይ ሰው ሲገናኝ «ሰነፉ እንዴት ዋለ?» ይባባላል። ደህና ነው የዋለው። እኛ ነን ያልዋልነው።

ስለዚህ የገዛ አንገቴ ላይ ገመድ አስገብቼ ጫፉን ለዳይሬክተሯ አቀብያለሁ። ለርዕሰ መምህሩ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ፤ አልቀበልም አላልኩም በሏቸው።

የጉልበትዎን ነገር አልወደድኩትም። የትኛው ጉልበት እንደሆነ እንኳ አልጻፉም።

ልጅዎ

—

ጥር 20

ልጄ፣

ትንሽ እጄን ስላመመኝ ይህን የምትጽፍልሽ እህትሽ ናት። (እጁ ደህና ነው። እኔ የምጽፈው የሚለኝን ነው። — ጸሐፊዋ) ምንድን ነው የጻፍሽው? አንብቢልኝ እስቲ። (ይህንንም ጻፍኩት።)

በኋላ በላክሽው ብጣሽ ወረቀት ስለ ድሮው የፈተና ሕጌ አጣድፈሽ ለጠየቅሽኝ፦ አዎ፣ እውነት ነው። «ግማሽ ነጥብ» የሚለውን ስም ተማሪዎቼ ያወጡልኝ በዚያ ሰበብ ነው። ከኋላዬ እንደማልሰማ እያሰቡ ሠላሳ ዓመት በሱ ጠርተውኛል።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ከአራቱ አንዱን ምረጥ የሚል ፈተና ሲመጣ ልጆቹ የማያውቁትንም ያከብቡ ጀመር። አንዱ ዓይኑን ጨፍኖ እያከበበ ከሚያጠናው ልጅ እኩል አመጣ። እኔም ሕግ አወጣሁ። ላገኘ አንድ። ለተወ ምንም። ለተሳሳተ ግን ግማሽ ይቀነሳል። ክፍሉ ተንጫጫ። «መምህር፣ ታዲያ ካላወቅነው ምን እናድርግ?» አሉኝ። «ተዉት። ለዝምታ አልቀንስም» አልኳቸው። በማግሥቱ አንዱ ብልጥ ነኝ ብሎ ባዶ ወረቀት አስረከበኝ። አልቀነስኩበትም። ዜሮ ሰጠሁት። ምንም አላጠፋም፣ ምንም አላወቀም፤ ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ አብረው ይኖራሉ። (እኔን እያየ ነው ይህን የሚለው።)

ይህ ለካርታሽ ምን እንደሚረባ አላውቅም። አንቺ ስለጠየቅሽ ነው።

ስለዚያ ስለ «ልክ ነበሩ» የጻፍሽውን ምስጋና ግን ለጊዜው ያዥልኝ። የሚገባኝ መሆኑ ገና አልተረጋገጠም። (እዚህ ላይ ካርታዎችሽን አጥፎ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተታቸው።)

ለጥቂት ቀናት ከቤት አልገኝም። ትንሽ ጉዳይ አለብኝ። (ጉዳዩን እንዳልጽፍ ታዝዣለሁ። አትጨነቂ፣ ጉልበቱ አይደለም።) ይህን ሰርዢ። (እሺ።)

አባትሽ፣ በእህትሽ እጅ

—

መጋቢት 6

አባባ!

ሰላምታው ይቆይ። አሸነፍን!

አሁን እንደምን ሰነበቱ። ከመጀመሪያው ልንገርዎ።

የእርስዎን ግማሽ ነጥብ ሞዴላችን ውስጥ ከተትናት። መለማመጃው ላይ ቤት በሌለበት ቤት በሠራ ቁጥር ቀነስንበት። መጀመሪያ አኮረፈ፤ ለሳምንት አንድም ቤት አልሠራም፣ ሁለተኛ ሰነፍ ሆነብን። ቅጣቱን ትንሽ አላላንለት። ከዚያ ቀስ እያለ እርግጠኛ የሆነበትን ብቻ መናገር ጀመረ። መቃብሩን ለሙታን መለሰ። ዝምታ ያን ቀን ከአንድ በላይ ቃል ተናግሯል፦ «ሰው ሆነ» አለ።

ትናንት ዳይሬክተሯ ቁልፉን ከአንገታቸው አወለቁ። አዳራሹ ሞልቶ በሩ ላይ የቆመ ሰው ነበር። ካርታው ወጣ፣ ግድግዳው ላይ በራ፣ ውጤቱ ከሥሩ አንድ በአንድ መምጣት ጀመረ። ይህኛው አካባቢ ከኛ ከተማ ይልቅ ብዙ ተለውጧል።

ሰነፉ፣ ዘጠና ሁለት። ሳቅ ሆነ።

የመጀመሪያው ቡድን፣ ሰማንያ ስምንት። ሳቁ ቀነሰ። ሁለተኛው፣ ሰማንያ ዘጠኝ። ሦስተኛው፣ ሰማንያ ሰባት። ፕሮፌሰሩ ዘጠና አንድም አልሞሉም። ያን ጊዜ የሚስቅ አልነበረም። ሠራተኛ፣ በጀትና ወንበር የሌለው ሰነፉ አዳራሹን በሙሉ አሸንፎ ቁጭ ብሏል። እኔ የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዤ ነበር፤ ለካ ሊፍቱ ሳይነሣም ይንቀጠቀጣል።

የእኛ መጣ። ዘጠና ሦስት።

ከሰነፉ በላይ የቆምነው እኛ ብቻ ነን! ጮኼ ልነሣ ስል ከፕሮፌሰሩ ቡድን ልጆች አንዱ እጁን አወጣ። «በአንድ ነጥብ ነው እንዴ ይህ ሁሉ? እንዲህ ከሆነ ሰነፉን እንቅጠረዋ» አለ። ዳይሬክተሯም «በጀቱ አሁንም ደስ ይላል» አሉ፤ ፊታቸው ላይ ቀልድ አልነበረም። አባባ፣ ያን ጊዜ የርዕሰ መምህሩን ወንበር አየሁት። ጥሩ ወንበር ነው፤ አራት እግሩም መሬት ይነካል።

ዝምታ ተነሣ። አዳራሹ ውስጥ ድምፁን የሰማ ሰው ስላልነበረ ሁሉም ማን እንደሆነ ይፈልግ ነበር።

«ያልተለወጠውን መሬት ተዉት» አለ። «እሱን ሰነፉም ያውቀዋል። የተለወጠውን ካሬ ሁሉ ውሰዱ፤ ይለወጣል ብለን በከንቱ የጮኽንበትንም ጨምሩበት። ከዚያ ሁሉ ውስጥ ስንቱን በቦታው አገኘን? ቤት የሚሠራው እዚያ ነው፤ ውኃ የሚዘረጋው እዚያ ነው። እዚያ ሰነፉ ስንት አለው?» ብሎ ተቀመጠ። የዓመት ንግግሩ ይመስለኛል።

ዳይሬክተሯ «ይሰላ» አሉ። ተሰላ።

ሰነፉ፣ ዜሮ። ባዶ ወረቀት ያስረከበልዎ ልጅ ትዝ አለኝ።

ፕሮፌሰሩ፣ ዐሥራ አራት ከመቶ።

እኛ፣ ሃያ ሰባት ከመቶ።

ሃያ ሰባት! በሁለቱም ሚዛን አንደኛ! ዝምታን አቀፍኩት፤ እንደ በር ቀጥ ብሎ ቆሞ ታቀፈልኝ። ዳይሬክተሯ ቁልፉን አምጥተው አንገቴ ላይ አጠለቁልኝ፤ ሣጥኑ ውስጥ ከእንግዲህ የሚቆለፍ ነገር የለም፣ ግን ቁልፉን አላወልቅም።

ዋናው ግን ከሰዓት በኋላ የሆነው ነው። በራችን ተንኳኳ፤ ተንኳክቶ አያውቅም። ፕሮፌሰሩ ናቸው፣ ወንበራቸውን ተሸክመው። አራት ፎቅ በእግራቸው ወጥተዋል፣ ወንበሩ ሊፍቱ ውስጥ አልገባ ብሏቸው። «ወንበር የላችሁም ሲባል ሰምቼ ነው» አሉ እያለከለኩ። «ያቺን ቅጣት እንዴት እንዳስገባችኋት ታስረዱኛላችሁ?» ከኋላቸው ስምንቱ ልጆች ደረጃው ላይ ተሰልፈዋል፤ ሁሉም ወንበር ተሸክሟል። ዘጠና አራቷን ወረቀት ከበራቸው ላይ ራሳቸው ልጠው ጀርባዋ ላይ ማስታወሻ ይይዙባት ነበር።

ተዋሃድን፣ አባባ። ወደ እኛ።

አክስቴ ደውላ ውጤቴን ጠየቀችኝ። ሃያ ሰባት ከመቶ ስላት «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ለሚቀጥለው ታሻሽያለሽ» አለችኝ። ስለዚህ እርማቱን ለእርስዎ ትቻለሁ። የእኛ ግምትና እውነተኛው ካርታ ተያይዘዋል። በሕግዎ መሠረት ያርሙኝ።

ርዕሰ መምህሩ ወንበሩን ለሌላ ይስጡት። እጅዎስ እንዴት ሆነ? እህቴን ስጠይቃት ትስቃለች እንጂ አትመልስም።

ልጅዎ

—

መጋቢት 21

ልጄ፣

ወደ ንባቡ ሳትገቢ ፊደሌን ተመልከቺ። «ለ» ወደ ልኳ ተመልሳለች። ይህን የሚጽፈው ያው ኩራተኛ እስክሪብቶ ነው፤ ለካ ጥፋቱ የሱ አልነበረም።

ሞራ ነበር። ሁለቱም ዓይኖቼ ላይ። ከመስከረም ጀምሮ ብርሃንና የሰው ቁመና ብቻ ነበር የማየው። ደብዳቤዎችሽን የምታነብልኝ እህትሽ ነበረች፤ አንዳንድ ቦታ ላይ የራሷን ትጨምር እንደነበር አሁን ራሴ ሳነብ ደርሼበታለሁ። ጫማሽን የተመለከተው ግን እውነት ነበር።

ቀዶ ሕክምና የተደረገልኝ በጥር መጨረሻ ነው። አልነገርኩሽም። ብነግርሽ ያን ቀን ተነሥተሽ ትመጪ ነበር፤ ዝምታ ከሁለት ወንበር ጋር ብቻውን ይቀር ነበር፤ እኔም ሁለት ዓይን ይዤ አንድ የምኮራበት ነገር ሳላይ እቀር ነበር። ተቆጪ፤ ደርሶሻል።

ፋሻው ሲነሣ ሐኪሟ ጣቶቿን ዘርግታ «አባት፣ ስንት ይታይዎታል?» አለችኝ። ሠላሳ ዓመት ሒሳብ ያስተማርኩ ሰው ጣት ልቆጥር አልመጣሁም አልኳትና ካርታዎችሽን ከኮቴ ኪስ አወጣሁ። አንዱን በግራ፣ አንዱን በቀኝ ያዝኩ።

ልጄ፣ አንድ አይደሉም።

«አንድ አይደሉም!» ብዬ ጮኽኩ። ሐኪሟ እህትሽን አየቻት። እህትሽ «ተዪው፣ ዳነ ማለት ነው» አለቻት።

ከትምህርት ቤታችን ጀርባ ያለው ሜዳ፣ ኳስ ስትጫወቱ መስኮት ትሰብሩበት የነበረው፣ በሙሉ ጣሪያ ሆኗል። ወንዙን ተከትሎ አዲስ መንገድ ሄዷል። ምዕራብ በኩል ያለው ቁልቁለት ላይ ሰፈር በቅሏል፤ እኔ በየቀኑ አጠገቡ እያለፍኩ ነበር። የእኛን ቤት ፈለግኩት። አንዲት ካሬ ናት፣ በሁለቱም ካርታ አንድ ዓይነት ቀለም። ከዘጠና አምስቱ መሆኗን ሳይ ኮራሁባት።

እንግዲህ የምስጋናሽን ሒሳብ እንዘጋለን። ያን ሁሉ ቡድን ያንበረከከው ሰነፉ የተወለደው ከዓይኔ ሞራ ነው። እኔ ልክ አልነበርኩም፣ አይታየኝም ነበር እንጂ። ከማያይ ሰው ስሕተት ይህን ያህል ማውጣት ያንቺ ሥራ ነው፤ ምስጋናውን መልሼልሻለሁ።

እርማቱን ጨርሻለሁ። ሦስት ቀን ቀይ እስክሪብቶ ይዤ ካርታሽ ላይ ስዞር ነበር፤ እህትሽ ምሳ እያመጣች፣ እኔ እያስቀዘቀዝኩት። በከንቱ የሠራሻቸውን ቤቶች አንድ በአንድ ፈለግኳቸው። በአብዛኞቹ ቦታዎች ላይ አንቺን ብሆን እኔም እሠራ ነበር። ያገኘሻቸውን ሳይ ግን ብቻዬን እጄን አጨበጨብኩ፤ ጎረቤቱ ግድግዳውን መታልኝ።

ሃያ ሰባት ከመቶ። ልክ ነው፣ አልፈሻል፤ ከአንደኛ የሚበልጥ ነገር ቢኖር እሱን እሰጥሽ ነበር።

አንድ ነገር ይቀራል። በሕይወቴ ግማሽ ነጥብ ቀንሼ እንጂ ጨምሬ አላውቅም፣ ይህን ከተማው ሁሉ ይመሰክራል። ነገር ግን የራስሽ ዘጠና ሦስት መሆኑን እያወቅሽ፣ ማንም ሳይጠይቅሽ፣ ዘጠና አምስቱን ወደ ውድድሩ ጋብዘሽዋል። ለዚህ በሕጌ ውስጥ ቦታ ፈልጌ አጣሁ። ስለዚህ በቀይ፣ በራሴ እጅ፣ እያየሁ ጻፍኩት፦

27½

ለድሮ ተማሪዎቼ እንዳትነግሪ። ተሰልፈው ይመጡብኛል።

ሐሙስ በመጀመሪያው አውቶቡስ እመጣለሁ። ጉልበቴ ምንም ሆኖ አያውቅም። የምቀመጥበትን ይዤ ነው የምመጣው።

አባትሽ
ግማሽ ነጥብ